የጓሮ ወርክሾፔ አቧራ ሰብሳቢ፦ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የያዝኩት ማስታወሻ

ታኅሣሥ 8

ትናንት ሙሉ ቀን የኤምዲኤፍ (ደቃቅ የእንጨት ቃጫ በሙጫ ተጭኖ የሚሠራ ጣውላ) በሮች ሳለሰልስ ዋልኩ። አራት የቁም ሳጥን በሮች ናቸው። ሲመሽ ማሽኑን ነቀልኩ፣ ወለሉን ውኃ ረጭቼ ጠረግኩ፣ ገብቼ እራቴን በላሁ። ሜትሬን ረስቼ ስለነበር ከ40 ደቂቃ በኋላ ተመለስኩ። መብራት ጠፍቷል። የስልኬን ባትሪ አበራሁ።

ክፍሉ ጭጋግ ነበር። ብርሃኑ ከእጄ ተነስቶ ማዶ ያለው ቆርቆሮ እስኪደርስ ድረስ እንደ ወተት ነጥቷል። ጠጋ ብዬ ሳየው አይወርድም። ቀስ እያለ ይዞራል፣ ይንሳፈፋል፣ እጄን በመሃሉ ሳሳልፍ ይከፈትና መልሶ ይገጥማል። ወለሉ ግን ንጹህ ነው፣ አሁን የጠረግኩት። ቆሜ ትንፋሼን ያዝኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠርጌ ስጨርስ ሥራው አልቋል ብዬ አምን ነበር።

ባለቤቴ ከመስከረም ጀምሮ «ሌሊት ሌሊት ትስላለህ» ስትለኝ የአዳማ አቧራ ነው እላት ነበር። አሁን እንደዚያ ለማለት አልችልም።

ታኅሣሥ 12

አራት ቀን ሳነብ ከረምኩ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ለሰው ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጡት ምድብ ውስጥ ያስገባው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ዋናው ጉዳት አፍንጫና በዙሪያው ያሉት ክፍት ቦታዎች ላይ ነው። አስም ደግሞ አለ። ኤምዲኤፍ ሲሆን በሙጫው ውስጥ ያለው ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጎጂ ኬሚካል ይጨመርበታል።

እኔን ያስደነገጠኝ የመጠኑ ነገር ነው። አንድ የጸጉር ዘንግ ውፍረቱ ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል፤ ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ከ10 ማይክሮን በታች ያለው ነው። እሱን ደግሞ በተራ ብርሃን ዓይን አያየውም። በመጥረጊያ የምሰበስበው ሰጋቱራ በአብዛኛው ወደ ሳንባ የማይደርሰው ነው። ሳንባ ድረስ የሚሄደው ያ ባትሪ ስር ያየሁት ጭጋግ ነው።

ስለዚህ ፍለጋዬ ወለል የሚያጸዳ ማሽን አይደለም። ያንን ጭጋግ ከምንጩ የሚይዝ ነው። ይሄን እዚህ የጻፍኩት በኋላ ሱቅ ስገባ እንዳልረሳው ነው።

ታኅሣሥ 16

ያለኝን ልቁጠር። ክፍሉ 3 በ5 ሜትር ነው፣ ቆርቆሮ፣ ከማድ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ። ባለ 1,500 ዋት የጠረጴዛ መጋዝ፣ ትንሽ መላጊያ ማሽን፣ ራውተር (የጣውላ ጠርዝና ቦይ የሚቀርጽ ማሽን) እና በእጅ የሚያዝ ማለስለሻ ማሽን አሉኝ። የምሠራው በዋንዛና በኤምዲኤፍ ነው።

ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት መሳቢያ አለ፤ ሰዎች ሲያወሩ ግን አንድ ያደርጓቸዋል። አንዱ ቫኪዩም ነው። ቱቦው ቀጭን፣ ጉልበቱ ብርቱ፤ ውኃን ወደ 2 ሜትር ከፍታ ሊስብ ይችላል፣ የሚያንቀሳቅሰው አየር ግን ጥቂት ነው። ሌላው ባለ ከረጢቱ አቧራ ሰብሳቢ ነው። ሰፊ ባለ 100 ሚሊ ሜትር ቱቦ አለው፣ አየሩ ብዙ ነው፣ የመሳብ ኃይሉ ግን ውኃን ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ የሚያደርግ ነው።

ለልጄ ሳስረዳት እንዲህ አልኳት፦ ቫኪዩሙ ባጃጅ ነው፣ ሰብሳቢው ሲኖትራክ። ባጃጅ ቀጭን መንገድ ውስጥ ይገባል፣ ብዙ አይጭንም። ሲኖትራክ ብዙ ይጭናል፣ ሰፊ መንገድ ይፈልጋል። ለማለስለሻ ማሽኔ ባጃጁ ይስማማል፣ ምክንያቱም መውጫ ቀዳዳው ጠባብ ነው። ለመላጊያውና ለመጋዙ ሲኖትራኩ የግድ ነው። ሰብሳቢውን በቀጭን ቱቦ ከማለስለሻው ጋር ብታገናኘው ይታፈናል። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ የውስጡ ስፋት የባለ 100ው ሩብ ነው፣ ግማሽ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ እኔም መጀመሪያ ግማሽ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ቫኪዩም አሮጌ አለኝ። የሚያስፈልገኝ እንግዲህ ሁለተኛው ነው።

ታኅሣሥ 21

ዛሬ የመብራቱን ነገር አሰብኩት። ወደ ወርክሾፑ የሚመጣው መስመር ባለ 16 አምፔር ብሬከር ነው። መጋዙ ሲሠራ ወደ 7 አምፔር ይበላል። አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው ሰብሳቢ ወደ 5 ወይም 6። ድምሩ ይቻላል። ሁለት የፈረስ ጉልበት ከሆነ ግን ጫፍ ላይ ነን፣ ሞተር ሲነሳ ደግሞ ለአንዲት ቅጽበት ከመደበኛው 5 እስከ 7 እጥፍ ይጎትታል።

በዚያ ላይ ምጣዱ አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ነው። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት የእንጀራ ነው፣ እኔ እነዚያን ሰዓቶች በእጅ ሥራ አሳልፋለሁ። አንድ የፈረስ ጉልበት ላይ ወሰንኩ ማለት ይቻላል፤ መስመሩን በወፍራም ሽቦ ካልቀየርኩ በቀር ትልቁን መመኘት ዋጋ የለውም።

ታኅሣሥ 25

ሱቆች ዞርኩ፣ እዚሁ አዳማና አንድ ቀን መርካቶ ወርጄ። ሦስት ነገር ይዤ ተመለስኩ።

አንደኛ፣ አንድ ሻጭ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ማሽን አሳየኝ፣ ዋጋው ከአዲሱ በግማሽ ያነሰ። ታርጋውን ሳነብ 110 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ይላል። «ትራንስፎርመር ታደርግለታለህ» አለኝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። የእኛ 50 ነው። ሞተሩ ከስድስት አምስት እጁን ብቻ ይዞራል፤ የሚስበው አየር በዚያው ልክ፣ የመሳብ ኃይሉ ደግሞ በዚያ ካሬ ይወርዳል፣ ማለትም 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ይቀራል። ርካሽ ሆኖ የሚያከስር ነው። ተውኩት።

ሁለተኛ፣ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የአየር መጠን ብዙ ጊዜ ያለ ቱቦና ያለ ከረጢት የተለካ ነው። በዚያ ቁጥር ማመን አይቻልም። አዳማ ደግሞ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ያለች ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀላል። ማራገቢያው የሚገፋው የአየር መጠን ያው ነው፣ የመሳብ ኃይሉ ግን በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ረጅም ቱቦና ብዙ ጥምዝ እዚህ ይበልጥ ይጎዳል።

ሦስተኛ፣ ከረጢቱ። አብሮ የሚመጣው ጨርቅ 30 ማይክሮን ነው ተባልኩ። ታኅሣሥ 12 የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። ሳንባ የሚገባው ከ10 በታች ነው። ታዲያ ይሄ ከረጢት ክፍሉ ውስጥ ከተቀመጠ ወፍራሙን ይይዝና ደቃቁን አንስቶ አፍንጫዬ ላይ መልሶ ይረጨዋል። 1 ማይክሮን የሚይዝ ማጣሪያ ጠየቅኩ፣ የጠየቅኩት ሁሉ የለም አለኝ።

ጥር 2

እህል ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ ቀና ብዬ አየሁ። ዕድሜ ልኬን ያየሁት ነገር ነው። ከወፍጮው የሚወጣው አየር ወደ ላይ ይሄድና እንደ ቀፎ ወደታች የጠበበ ላሜራ ውስጥ ይገባል። እዚያ ይሽከረከራል። ዱቄቱ ወደ ግድግዳው ተወርውሮ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ አየሩ በመሃል በኩል ወጥቶ ረጅም የጨርቅ እጅጌ ውስጥ ይገባል። እጅጌው ተነፍቶ ይቆማል፣ ወፍጮው ሲጠፋ ይሟሽሻል።

ባለ ወፍጮውን ጋሼ፣ ይሄን ጨርቅ ምን ያደርጉታል ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሁልጊዜ ጠዋት በዱላ እመታዋለሁ፣ ግን አላጥበውም» አሉኝ። ለምን ስላቸው «ያጠብኩት ቀን ቤቱ በሙሉ ዱቄት ይሆናል፣ ትንሽ ሲጠጣ ነው የሚይዘው» አሉ። ትክክል ናቸው። የጨርቅ ማጣሪያ በላዩ ላይ ስስ የብናኝ ሽፋን ሲይዝ ይበልጥ ደቃቁን ያስቀራል፤ ሲበዛ ደግሞ ያፍናል። መመታት ያለበት በመሃል ነው።

አቧራውን ማራገቢያው ጋ ከመድረሱ በፊት መለየት እንዳለብኝ የወሰንኩት እዚያው ወረፋ ላይ ነው።

ጥር 6

ከተማው ማዶ ያለ ወዳጄ የምፈልገው ዓይነት ባለ አንድ የፈረስ ጉልበት ማሽን አለው። ከመግዛቴ በፊት ለክቼ ልየው አልኩት። «ና» አለኝ።

የችግኝ ማፍያ ፕላስቲክ ገዝቼ ነበር፣ እንደ እጅጌ ድርብ የሆነውን። ጠፍጣፋ ሲሆን ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱን 3 ሜትር ከ20 ቆረጥኩት፣ አንዱን ጫፍ አሰርኩ። ሲሞላ 1 ሜትር ኪዩብ አየር ይይዛል። የላይኛውን ከረጢት አውልቀን ፕላስቲኩን በምትኩ አሰርን፣ ወለሉ ላይ አጣጥፈን ዘረጋነው፣ ወዳጄ በስልክ ቪዲዮ ያነሳል፣ እኔ አበራለሁ። ማሽኑን መጀመሪያ አስነስተን የመሳቢያውን አፍ በጣውላ ደፍነን ቆየን፣ ጣውላው ሲነሳ መቁጠር ይጀመራል። ፕላስቲኩ እንደ ዘንዶ ተነስቶ ጢም ሲል ሰዓቱን ከቪዲዮው አነበብን።

ያለ ምንም ቱቦ በ4.2 ሴኮንድ ሞላ። በ3 ሜትር ባለ ሽንሽን ቱቦ 5.6። በ6 ሜትር ሽንሽን ቱቦ 7.6። ከዚያ ሽንሽኑን አውጥተን 5 ሜትር ለስላሳ ባለ 110 የፍሳሽ ፒቪሲ በ1 ሜትር ሽንሽን ጫፍ አደረግን፣ 5.9።

ሽንሽን ቱቦ ሰው እንደሚያስበው ተራ ቱቦ አይደለም። 3 ሜትሩ ሲጨመርበት ሩብ ያህሉን አየር ወሰደው። ለስላሳው 6 ሜትር ግን ከሽንሽኑ 3 ሜትር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ሰጋቱራ ቱቦ ውስጥ እንዳይተኛ አየሩ በሴኮንድ ወደ 20 ሜትር መሄድ አለበት። በ100 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይህ ማለት በሰዓት 565 ሜትር ኪዩብ ነው። 5.9 ሴኮንድ በሰዓት 610 ይሆናል። አለፈ! የ6 ሜትሩ ሽንሽን ግን 474 ላይ ቀረ፤ እሱ ቱቦ ውስጥ እየተኛ የሚደፈን ነው።

ወዳጄ በዚያው ቀን ሽንሽኑን አውጥቶ በፒቪሲ ቀየረው። አንድ ቀን ሙሉ ሥራውን ትቶልኝ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጠው።

ጥር 9

ገዛሁ። አንድ የፈረስ ጉልበት፣ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ ባለ 100 ሚሊ ሜትር አፍ። ከጥምቀት በፊት ቤት ገባ።

ቦታውን በተመለከተ ውጭ፣ ከጓሮ ግድግዳው ሥር፣ ቆርቆሮ ከለላ ሠርቼለት እንዲቀመጥ ወስኛለሁ። ቀዝቃዛ አገር ያለ ሰው ይሄን አይወድም፣ ያሞቀው አየር ተስቦ ይወጣበታል። እኛ ለአዳማ ሙቀት ምን እንከፍላለን? ደቃቁ ውጭ ይቅር። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፦ ክፍሉ ውስጥ የሚወጣውን የሚተካ አየር መግቢያ ያስፈልጋል። አለዚያ ከማድ ቤቱ ይስባል፣ ማድ ቤት ከሰል ካለ የከሰሉን ጭስ ወደ እኔ ያመጣዋል ማለት ነው። በማዶ በኩል መስኮት ከፍቻለሁ፣ ወደ ማድ ቤት የነበረውን ክፍተት በሲሚንቶ ደፍኛለሁ።

ጥር 14

አቧራውን ከማራገቢያው በፊት የሚለየው በርሜል ተሠራ። ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነው። ክዳኑ ሥር ከአፉ በ12 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠል ክብ ፕላይውድ ቆረጥኩ። የክቡ ዙሪያ ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 240 ዲግሪው፣ 28 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ የተቆረጠ ነው፤ የቀረው ከበርሜሉ ግድግዳ ጋር ይገጥማል። አየሩ ከጎን ገብቶ ከክቡ በላይ ይዞራል፣ ከባዱ ግድግዳ ግድግዳውን ሄዶ በክፍተቱ ይወርዳል፣ አየሩ በመሃል ይወጣል። የወፍጮ ቤቱ ቀፎ አጭር ዘመድ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ከአሮጌ ጣውላ የተረሳ ሚስማር ቢገባ የማራገቢያውን ብረት መትቶ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ከረጢት ውስጥ ተደብቆ ሲጤስ ያድራል። አሁን ሚስማሩ በርሜሉ ውስጥ ይቀራል።

በፕላስቲኩ ለካሁት፣ 6.8 ሴኮንድ። በሰዓት 529፤ ከምፈልገው ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ ፒቪሲውን ከ5 ወደ 3 ሜትር ተኩል አሳጠርኩ፣ አንድ ጥምዝ ቀነስኩ። 6.3 ሆነ። ይበቃኛል።

ዋንዛ ላጭቼ ከሰዓት በኋላ መዘንኩ። በርሜሉ ውስጥ 6.2 ኪሎ። ከረጢቱ ውስጥ 150 ግራም።

ጥር 19

ዛሬ ከፋኝ። መጋዙን ከፍቼ ኤምዲኤፍ እየቆረጥኩ ሳለ በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን እማማ ናቸው፣ በእጃቸው ሰፌድ ይዘው። ሰፌዱ ላይ ያሰጡት በርበሬ አለ፣ በርበሬው ላይ ደግሞ ቡናማ ስስ ዱቄት። «አንተ ልጅ፣ በርበሬዬን ምን አለበስከው?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ከእኔ ሳንባ አውጥቼ በርበሬያቸው ላይ አደረግኩት። ይቅርታ ጠይቄ ማሽኑን አጠፋሁ፣ በርበሬውን ሌላ ገዝቼ እተካለሁ አልኩ። መጀመሪያ እምቢ አሉ፣ ከዚያ ተቀበሉ።

የአዳማን ነፋስ ረስቼው ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የነፋስ ማማዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ግድግዳው ላይ ረጅም ቀርከሃ አቁሜ ጫፉ ላይ የፌስታል ዘለላ አሰርኩ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ወዴት እንደሚበር እጽፋለሁ።

ጥር 26

ሰባት ቀን፣ ሃያ አንድ ጊዜ ጻፍኩ። አሥራ ስምንቱ ከወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። የእማማ ግቢ ከእኔ በስተምዕራብ ነው፣ ከረጢቱን በቀጥታ ወደ እሳቸው አዙሬው ነበር ማለት ነው።

ማሽኑን ወደ ሌላ ቦታ ከመውሰድ ይልቅ ሌላ ነገር አደረግኩ። ከረጢቱን ድርብ አደረግኩት፤ የፋብሪካው ከረጢት ውስጥ ሆኖ በላዩ ልብስ ሰፊ ጋ ያሰፋሁት ሁለት እጥፍ ትልቅ ወፍራም የካኪ እጅጌ አለ፣ እንደ ወፍጮ ቤቱ። ስፋቱን ያበዛሁት አየሩ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ነው፤ ጨርቅ በሰፋ መጠን አየሩ በዝግታ ያልፋል፣ ብናኙን እየገፋ አያወጣም። ዙሪያውን በጣውላ ሳጥን ከለልኩት፣ የሳጥኑ መውጫ ወደ መሬት የዞረ። ነጭ ጨርቅ በእማማ ግቢ አጥር ላይ ሰቅዬ (ፈቃድ ጠይቄ) ሁለት ሰዓት ኤምዲኤፍ ቆረጥኩ። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ቆየ።

አዲሱን በርበሬ ይዤ ስሄድ እማማ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። «ሰጋቱራውን ለዶሮዎቼ ጉዝጓዝ ስጠኝ» አሉ። የዋንዛውን እሰጣለሁ፣ የኤምዲኤፉን ግን አይሆንም፣ ሙጫ አለበት ብዬ አስረዳኋቸው። ለምድጃም አይሆንም። አሁን ሁለት ጆንያ አለኝ፣ ኤምዲኤፍ ከመቁረጤ በፊት በርሜሉን ባዶ አደርጋለሁ።

የካቲት 3

ፒቪሲው በዚህ ደረቅ አየር ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ ሁለት ጊዜ ክርኔን ነዘረኝ። ባዶ የመዳብ ሽቦ ቱቦው ላይ ጠምጥሜ ከማሽኑ አካል ጋር አገናኘሁት፣ የማሽኑ ምድር ሽቦም መኖሩን በቴስተር አረጋገጥኩ። ቆመ።

የማብራት ቅደም ተከተሉን ለማስታወስ ግድግዳው ላይ ጻፍኩ፦ መጀመሪያ ሰብሳቢ፣ እስከ አምስት መቁጠር፣ ከዚያ መጋዝ። ሁለቱን አብሬ ሳስነሳ ብሬከሩ ይወርድ ነበር፣ እንዲህ ሳደርግ አንድም ቀን አልወረደም።

የመጋዙን ሆድ በኤምዲኤፍ ዘግቼ ቱቦውን ከሥሩ አስገባሁ። ከሥር የሚወጣው ይያዛል። ከላይ፣ ከጥርሱ ፊት የሚረጨው ግን አሁንም ወደ ደረቴ ይመጣል። ከላይ የሚሸፍን መከለያ ከነቱቦው መሥራት አለብኝ። እስከዚያ ድረስ ጭምብሉን አላወልቅም።

የካቲት 8

ማታ ደገምኩት። የኤምዲኤፍ በር አለሰለስኩ፣ ማለስለሻው ከቫኪዩሙ ጋር፣ ሰብሳቢው ደግሞ አፉ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተከፍቶ። አንድ ሰዓት ሙሉ። ጨርሼ ሰብሳቢው ለ10 ደቂቃ ብቻውን እንዲሠራ ተውኩት። አጠፋሁ። መብራቱን አጠፋሁ። ባትሪውን አበራሁ።

ብርሃኑ ማዶው ቆርቆሮ ላይ ክብ ሆኖ አረፈ። መስመሩ አይታይም። እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ብልጭ የሚሉ አሉ፣ ተከትዬ ልቆጥራቸው እችላለሁ። ባለቤቴን ጠራኋት፣ ገባች፣ በባትሪው አየች። «ሌሊት ከሳልክ ግን እነግርሃለሁ» አለችኝ።

ፌስታሉን ከቀርከሃው አላወረድኩትም። ክረምት ሲገባ ነፋሱ ሊዞር ይችላል። በሰኔ አንድ ሳምንት እንደገና ጽፌ፣ ከዞረ የሳጥኑን መውጫ በዚያው አዞረዋለሁ።